ፖስት በቀጠሮ የሚለቀው አፕ፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

ጎንደር ውስጥ የሦስት ቤቶችን ገጽ የምይዘው እኔ ነኝ። ፒያሳ ያለ የሐበሻ ልብስ ሱቅ፣ አንድ ፔንሲዮን፣ ሦስተኛው አስጎብኚ ጓደኛዬ ነው። የእያንዳንዳቸው ፌስቡክ፣ ኢንስታግራም፣ ቲክቶክና ቴሌግራም ሲደመር ካንዱ ወጥቶ ወደ ሌላው መግባቱ ብቻ ቀኑን ይጨርሰዋል። ሁሉንም ካንድ ቦታ ፖስት የሚያደርግ አፕ የጫንኩት ለዚህ ነው። ከታወቁት የውጭ አፖች አንዱ ነው፤ ስሙን ብጠራውም ባልጠራውም ለውጥ የለውም፣ ተመሳሳዮቹም የሚሠሩት ይህንኑ ነው። ከክረምት ጀምሮ በእጄ አለ።

የወደድኩለት ነገር አፑን የሚሸጡት ሰዎች የሚሉት ጊዜ መቆጠቡ አይደለም። የመብራትና የኔትወርክ ነገር ነው። ፖስቱን አዘጋጅታችሁ ቀጠሮ ከያዛችሁለት በኋላ ፎቶውም ጽሑፉም ያለው የአፑ ሰርቨር (የድርጅቱ ኮምፒውተር) ላይ ነው እንጂ ስልካችሁ ላይ አይደለም። ሰዓቱ ሲደርስ ስልካችሁ ባትሪ ጨርሶ ቢተኛም ይለቀቃል። ለከተራ ያየሁት ይህንን ነው። ጥር 10 ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርዱ ከተማው በእንግዳ ይጥለቀለቃል፣ ኔትወርኩም ይጨናነቃል፣ አንድ ፎቶ ልላክ ካላችሁ ስትጠብቁ ትውላላችሁ። የፔንሲዮኑ ፖስቶች ግን ቀድመው ስለተጫኑ በሰዓታቸው ወጡ። የዕለቱን ትኩስ ፎቶ እርግጥ ማንም አፕ አይለጥፍላችሁም።

ዳታም ይቆጥባል። ቪዲዮውን አንዴ ትጭናላችሁ፣ ለፌስቡክም ለኢንስታግራምም ለቲክቶክም የሚያደርሰው ሰርቨሩ ነው። ጥቅል እየገዛ ለሚሠራ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ወደሚያናድደው። ልብስ የምትሸጠው እህታችን ደንበኞቿን ለዓመታት ያፈራችው በግል ፌስቡኳ ነው፣ ጓደኛ መቀበያው 5,000 ሞልቶባት እንኳ። እንዲህ ያሉ አፖች ግን ከ2018 ወዲህ (በፈረንጅ) በግል ፕሮፋይል ላይ መለጠፍ አይችሉም፣ ፌስቡክ ራሱ ዘግቶታል። የሚፈቀደው ገጽ (ፔጅ) ላይ ብቻ ነው። ኢንስታግራምም አካውንቱ ወደ ፕሮፌሽናል ካልተቀየረ በራሱ አይለቅላችሁም። ለቲክቶክ ደግሞ ሰው ሁሉ የሚጠቀምበትን ዘፈን ከአፑ ውስጥ ማስገባት አይቻልም፤ «ሰዓቱ ደርሷል» የሚል ማሳሰቢያ ይልክና እናንተው ቲክቶክ ገብታችሁ ትጨርሳላችሁ። እንግዲህ ያቺን ደቂቃ መብራት ከሌለ የቀጠሮው ትርጉም ምኑ ላይ ነው?

ቴሌግራም ጭራሽ የለውም። እኛ ጋ ደግሞ ሽያጩ ያለው ቴሌግራም ላይ ነው! ደግነቱ ቴሌግራም ራሱ ቀጠሮ አለው፤ የመላኪያዋን ቀስት ጫን አድርጎ መያዝ ነው፣ ሰዓት ይጠይቃችኋል። በነፃ። ስለዚህ አንድ አፕ ሁሉንም ይይዝልኛል ብላችሁ አትጠብቁ።

ሰዓቱ ላይ ልብ በሉ። የፔንሲዮኑ ባለቤት «ማታ 2 ሰዓት ላይ ልቀቀው» ይሉኛል፣ አፑ የሚያውቀው 20:00ን ነው። ይሄ ይለመዳል። የማይለመደው የቀን መቁጠሪያው ነው። ጥምቀት አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 19 ላይ ይውላል፣ ጳጉሜ 6 የሆነችበትን ዓመት ተከትሎ ሲመጣ ግን 20 ነው፤ በ2016 እንደዚያ ነበር፣ በ2020ም እንደዚያው ይሆናል። የዓምናውን ፖስት ኮፒ አድርጎ በዚያው ቀን ማስቀመጥ አያዋጣም። እኔ ግድግዳ ላይ ያለውን ካላንደር ሳላይ በዓል ነክ ነገር አልይዝም።

ኤክስ (የድሮውን ትዊተር) ለምትጠቀሙ አንድ ጉድ ልጨምር። 280 ፊደል ይፈቀዳል ይባላል አይደል፣ የእኛ ፊደል እያንዳንዱ እንደ ሁለት ነው የሚቆጠረው። በአማርኛ የምታገኙት 140 ነው። አስጎብኚው ጓደኛዬ ስለ ፋሲል ግቢ አንድ ነገር ጀምሮ መሀል ላይ ሲቆረጥበት መዓት ተሳድቧል።

ግንኙነቱም አልፎ አልፎ ይቋረጣል፣ በተለይ ባለቤቶቹ የይለፍ ቃል ሲቀይሩ። ያኔ ፖስቱ ሳይወጣ ይቀራል፣ አፑም ገብታችሁ ካላያችሁት ትንፍሽ አይልም። አሁን ጠዋት ጠዋት ቡናዬን ይዤ ያልወጡትን መፈተሽ ልማዴ ሆኗል።

መልስ መስጠት ላይ ግማሽ በግማሽ ነው። የፌስቡክና የኢንስታግራም ኮሜንት አንድ ላይ ያመጣል። «ዋጋ?» ለሚለው ሁሉ ካንድ ቦታ መመለስ ደስ ይላል። የቲክቶኩን ግን እዚያው ገብታችሁ ነው።

ክፍያው በዶላር ነው፣ በቴሌብር የለም። የእኔን ውጭ ያለች የአክስቴ ልጅ ትከፍላለች፣ እኔ በብር ለእናቷ እሰጣለሁ። ሐምሌ 2016 ብሩ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ያው ዶላር በብር ስንት እንደሚመጣ ታውቁታላችሁ። አንድ ሁለት ገጽ ብቻ ካላችሁ ነፃው ይበቃችኋል፣ አትክፈሉ። እንደኔ የሰው ገጽ ይዛችሁ የምትሠሩ ከሆነ ወጪውን ከደንበኞቹ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩበት። እኔ በየወሩ ነው የምከፍለው። የዓመቱ ይረክሳል ይላሉ፣ ቴሌግራም እስኪጨምሩ ድረስ ግን አልገባበትም።