የጋሼን ፊት ለመለሰልን ቀራጺ

ባለፈው ቅዳሜ ጅማ ውስጥ በተማርንበት ትምህርት ቤት ግቢ የአማርኛ መምህራችን ሐውልት ሲገለጥ የነበራችሁ ሁሉ «ማን ሠራው?» እያላችሁ ስልኬን አላሳረፋችሁትም። የሐውልቱ አሠሪ ኮሚቴ ጸሐፊ ስለሆንኩ መልሱን አንድ ጊዜ ልጻፈውና ልረፍ። ቀራጺው ስሙ በአደባባይ እንዲወጣ አልፈለገም፤ ከሁለት ሥራ በላይ በአንድ ጊዜ አይዝምና ወረፋ ይፈራል። ቁም ነገር ይዞ ለሚጠይቀኝ ሰው ግን አድራሻውን በግል እሰጣለሁ።

ምስጋናው እንዲገባችሁ ከውርደታችን ልጀምር። ጋሼ ባረፉ በዓመቱ ለሌላ ሰው ገንዘብ ከፍለን ነበር። «ነሐስ ነው» ብሎ ያስረከበን ወርቃማ ቀለም የተቀባ ፋይበር ግላስ ሆኖ ተገኘ። የጅማን ዝናብ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ በሁለተኛው ክረምት ቀለሙ ከአፍንጫቸው ላይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሳ። ባለቤታቸው አንድ ጊዜ አይተውት ዳግመኛ በዚያ በር አላለፉም። ጥፋቱ የሠሪው ብቻ አልነበረም። ከመካከላችን አንድም ሰው አንስቶ ክብደቱን አልሞከረም፣ በጣቱም አላንኳኳም።

የአሁኑ ቀራጺ ግን ገና ስለ ዋጋ ሳንነጋገር አዲስ አበባ ዳር ካለው የሥራ ቦታው ተነስቶ፣ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ከእኔ ጋር የመምህራችን ቤት ሄደ። ሦስተኛው ቡና እስኪወርድ ተቀምጦ ስለ ጋሼ ሲጠይቅ ዋለ። ያለን ፎቶግራፍ ሁሉ ለመታወቂያ የተነሱት፣ ፊት ለፊት የሚያፈጥ ነበር። የጎን ፊታቸውን ያገኘው ከአንድ የሠርግ አልበም ውስጥ ነው፤ ከሙሽሮቹ ጀርባ ቆመው ሰው ሲያዳምጡ። መነጽራቸውንም በማስመሪያ ለክቶ መለሰ።

የጭቃው ሥራ ሲያልቅ ባለቤታቸውን ይዘን ሄድን። እኛ ኮሚቴዎቹ ገና ከበሩ «እሳቸው ናቸው!» ብለን አጨበጨብን። ባለቤታቸው ግን ዝም ብለው ዞሩት፣ ጆሮውን በጣታቸው ነኩና «ልጄ፣ አንገቱን አቀናኸው። እሱ ሰው ሲያናግረው ወደ ግራ ዘንበል ይል ነበር» አሉት። በልቤ የቀራጺውን ፊት እያየሁ «አሁን ይቆጣል» አልኩ። እሱ ቀጭን ሽቦ አነሳና ጭቃውን ከአንገቱ ላይ እንደ ቅቤ ቆረጠው። ጭንቅላቱን በሁለት እጁ አቅፎ ቀስ እያለ አዘነበለው። «በቃ፣ እዚያ ጋ» አሉ። የሁለት ሳምንት ሥራ ፈርሶ እንደገና ተጀመረ፤ ለዚህም አንድ ብር አልጨመረብንም። «ጭቃ ሳለ የሚታይ ስህተት ርካሽ ነው» አለኝ በኋላ።

የብረቱ ነገር ሲነሳ የኛ ሰው አለማወቅ ወጣ። አንዱ ጓደኛችን ወጪ ሊቀንስልን ብሎ አንድ ጆንያ አሮጌ የውሃ ቧንቧ መክፈቻና ቁልፍ ጭኖ መጣ። ቀራጺው አንዷን በሞረድ ፈገፈጋትና ቢጫዋን አሳየን። ይህ መዳብና ዚንክ ነው፤ ሲቀልጥ ዚንኩ ነጭ ጭስ ሆኖ ይወጣል፣ ለደረትም መጥፎ ነው። የሚፈልገው ነሐስ ከመቶ 90 ያህሉ መዳብ፣ ቀሪው ቆርቆሮ የሆነውን ነው። «ቆርቆሮ» ሲል ሒሳብ ያዣችን ጣሪያዋን ያየችበት ዐይን አይረሳኝም! የቤት ክዳኑ በዚንክ የተለበጠ ብረት ነው፣ እሱ የሚለው ሌላ ማዕድን ነው ብሎ እስኪያስረዳት ቆየ። ለምን ነሐስ ብለን ስንጨቀጭቀው ለገሐር ያለውን የይሁዳ አንበሳ ጠቀሰልን። በ1923 ዓ.ም. ተተክሎ፣ በወረራው ዘመን ጣሊያኖች ነቅለው ሮም ወስደውት፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ ተመልሶ ዛሬም ቆሟል።

ቀለጣው ዕለት ከተማሪዎቹ አራት ሆነን ተገኘን። ከጭቃው ላይ በተወሰደው የጀሶ ቅርጽ ውስጥ 5 ሚሊ ሜትር የሚሆን ሰም ተለብጦ ነበር። ነሐስ ሲቀዘቅዝ በመቶ ከ1 እስከ 2 ያህል ስለሚኮማተር ያንንም አስቀድሞ አስቦበታል። የሰሙ ምስል በጀሶና በተፈጨ ሸክላ ተሸፍኖ ምድጃ ውስጥ ሲገባ ሰሙ ቀልጦ ወጣ፤ ባዶ ቦታው ቀረ። ከ1,100 ዲግሪ በላይ የጋለው ነሐስ እንደ ብርቱካን ጭማቂ በዚያ ባዶ ውስጥ ሲገባ አንዳችን ለአንዳችን ተያየን። ጋሼ ዘጠነኛ ክፍል ሳለን ሰምና ወርቅ ሲያስተምሩን አንጥረኛውን በእጃቸው እያስመሰሉ ነበር፦ ሰሙን ይቀርጻል፣ በጭቃ ይለብጠዋል፣ በእሳት ያፈስሰዋል፣ በስፍራው ወርቅ ይሞላል። እኛ ለፈተና ብለን ሸምድደን አልፈን ነበር። የሳቸው ፊት በዚያው መንገድ ሲሠራ ያየሁ ጊዜ፣ እውነቱን ልናገር፣ ጭሱን አሳብቤ ወጣሁ።

ሽፋኑ ሲሰበር ከኮሌታቸው ሥር የቡና ፍሬ የምታህል ቀዳዳ ነበረች፤ ነሐሱ ሳይደርስ የቀረበት። ባይነግረን ማንም አያውቅም ነበር። ጠርቶ አሳየን፣ በዚያው በነሐስ ዘንግ በይዶ ሞረደው። አሁን ፈልጌ አጣኋት።

ጉድለቱንም ልንገራችሁ። ከተስማማንበት ቀን ሁለት ወር ዘግይቷል። ሥራ ላይ ስልክ አያነሳም፤ ይህ ደግሞ እኛን ብዙ አስጨንቆናል። የድንጋይ ሥራም አይሠራም፤ መቆሚያውን የሠራው የጅማ ግንበኛ ነው። ነገር ግን ዝናቡን አስቦ ውሃ የሚፈስበት ቀዳዳ ከሥር አስወጥቶለታል። ተራ ብሎን ከነሐስ ጋር ሲገናኝ ይዝጋል ብሎም የማይዝግ ብሎን ራሱ ይዞ መጣ።

36 ኪሎ የምትመዝነውን ሐውልት የጊቤን ቁልቁለት በብርድ ልብስ ጠቅልለን አሻግረናት፣ ተክለናት፣ ቡናማው ቀለሟ ላይ የመጨረሻው ሰም ተቀብቶ ሲያልቅ የግቢው ጥበቃ በደስታ «እኔ በሎሚና በአመድ እያሸሁ እንደ ወርቅ አበራታለሁ!» ብሎ ተነሳ። ቀራጺው መሰላሉን ለቆ እየሮጠ መጣ። ያ ቡናማ ቀለም ነሐሱ ሞቆ ኬሚካል ተቀብቶ የመጣ ነውና በአመድ ይጠፋል። ለስላሳ ብሩሽና አንድ ጣሳ ሰም ሰጠው፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ታጥቦ በሰም እንዲወለወል አስረዳው።

«በበዓልም አመድ አይነካትም?» አለ ጥበቃው ቅር ብሎት።

«በበዓልም፣ አባባ።»