የፕሪም አበባን ለማዳን ከመርካቶ የሚገዙ ፀረ ፈንገሶች፦ የቱ ያዋጣል?

ግቢው ውስጥ ፕሪም ያለው አዲስ አበቤ መድኃኒት ፍለጋ የሚወጣው ብዙውን ጊዜ አበባው ከጠቆረ በኋላ ነው። ያኔ ከመርካቶ የሚገዛ ማንኛውም ዱቄት የሞተውን አበባ አይመልስም። ስለዚህ ከታች ያሉትን ዕቃዎች የመዘንናቸው በዋጋቸው ሳይሆን በጊዜያቸው ነው።

መጀመሪያ ጠላቱን እንለይ። ያልዳበረ አበባ ደርቆ ሲነኩት ይረግፋል። ሞኒሊያ የሚባለው ፈንገስ የገደለው ግን አይረግፍም፤ ቡናማ ሆኖ ቀንበጡ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። የአበባውን መነሻ ጠጋ ብላችሁ ብታዩ የማር ቀለም ያላት የሙጫ ጠብታ ትገኛለች፣ እርጥበት ባለው ጠዋት ደግሞ አመድ የመሰለ ብናኝ ይታያል። ፈንገሱ የሚከርመው ዛፉ ላይ ደርቀው በቀሩ ያለፈው ዓመት ፍሬዎችና በቆሰሉ ቀንበጦች ነው። የተከፈተ አበባ ለሰዓታት እርጥብ ሆኖ ከቆየ፣ ሙቀቱም ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ከሆነ ይገባል። በበልግ ዝናብ የሚያብብ ዛፍ እንግዲህ ምን እንደሚጠብቀው መገመት አያቅትም።

ኮፐር ኦክሲክሎራይድ 50 በመቶ፦ ለግቢ ዛፍ አንደኛ ምርጫችን ይሄ ነው፣ እምቡጡ ሳይፈታ ከተረጨ ብቻ። መለያው (የማሸጊያው ጽሑፍ) ሌላ ካላለ ለ16 ሊትር የጀርባ መርጫ ከ50 እስከ 60 ግራም ይበቃል፤ አንድ መካከለኛ ዛፍ 4 ወይም 5 ሊትር ይወስዳል። ፍሬው እንደ ከረጢት አብጦ ውስጡ ባዶ የሚሆንበትን በሽታም የሚከላከለው በዚሁ ሰዓት ነው፣ በኋላ ዕድል የለም። አረንጓዴ ቅጠል ከወጣ በኋላ ከተረጨ ግን ቅጠሉን ያቃጥላል፣ ይበሳዋል፣ ያረግፈዋል። ዱቄቱን በቀጥታ ታንከሩ ውስጥ አትጨምሩ። በትንሽ ውኃ እንደ ሊጥ አሽታችሁ፣ በጨርቅ አጥልላችሁ ጨምሩ፤ አለዚያ ኖዝሉ ይደፈናል። ስለሚዘቅጥም እየረጫችሁ መርጫውን ነቅነቅ አድርጉት።

ራሴ እሠራዋለሁ ለሚል፣ ቦርዶ የሚባለው የኮፐርና የኖራ ድብልቅ ለ16 ሊትር ውኃ 160 ግራም ኮፐር ሰልፌትና 160 ግራም ኖራ ይፈልጋል። ሁለቱን በየፕላስቲክ ባልዲው በጥብጡ (ብረት ባልዲ ይበላል)፣ ከዚያ ኮፐሩን ወደ ኖራው አፍስሱ። ንጹሕ ምስማር ለአንድ ደቂቃ ንከሩበት፤ ቀይ ቀለም ከያዘ ኖራ ይጎድለዋል፣ ጨምሩ። ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው ኖራው ነው፦ ከግንባታ ዕቃ መደብር የሚገዛው ጆንያው ተከፍቶ አየር ሲመታው ከከረመ ጉልበቱ አልቋል። ድብልቁ በተሠራበት ቀን ካልተረጨም አያገለግልም።

ማንኮዜብ 80 በመቶ፦ በየሱቁ አይጠፋም፣ ለዚህ በሽታ ግን መካከለኛ ነው። ከ10 አበባ አንዱ ሲከፈት 40 ግራም በ16 ሊትር፣ ሙሉ ሲያብብ ደግሞ ይደገማል፤ ምክንያቱም የሚጠብቀው የነካውን ብቻ ስለሆነ ነገ የሚከፈተው አበባ ባዶውን ነው። ከባድ ዝናብ ካጠበውም እንደዚያው። የገባ ፈንገስ አይፈውስም። ጓንትና ማስክ ግድ ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት በጤና ስጋት እ.ኤ.አ. በ2020 ፈቃዱን ሳያድስለት ቀርቷል።

ፕሮፒኮናዞል (ቲልት 250 ኢሲ በሚል ስም የሚሸጠው ፈሳሽ)፦ አቅሙ ከሁሉም ይበልጣል። ወደ ተክሉ ሥጋ ስለሚገባ ከዝናብ ማግስትም ይደርሳል። ችግሩ እዚህ የሚሸጠው ለስንዴ ዋግ ነው፣ መጠኑም በሄክታር ነው የተጻፈው። ሻጩ በክዳን እየለካ «ለዛፍም ይሆናል» ቢላችሁ አትመኑት። የፍራፍሬ ዛፍ የተጻፈበት መለያ ካላገኛችሁ ተዉት። ካገኛችሁም በወቅት ከሁለት ጊዜ አይበልጥ፣ ፈንገሱ ይለምደዋል።

ድኝ ቅጠልን በነጭ ዱቄት ለሚሸፍነው የአመዳይ በሽታ ነው እንጂ ለዚህ ደካማ ነው፣ ገንዘባችሁን አታባክኑ።

አሁን ስለ ሱቆቹ። ጥሩው ሻጭ መጀመሪያ «አበባው ተከፍቷል?» ብሎ ይጠይቃል። መጥፎው ከትልቅ ከረጢት በፌስታል ቀንሶ፣ ስም እንኳ ሳይጽፍ ይሰጣል። አዋጅ ቁጥር 674/2002 ፀረ ተባይ ተመዝግቦ ቁጥጥር እንዲደረግበት የወጣ ነው፤ መለያ የሌለው ፌስታል መመዝገቡን በምን ታውቃላችሁ? በቀለምም አትሸወዱ፦ ኮፐር አረንጓዴ ሰማያዊ ነው ብላችሁ የምትገዙት ማንኮዜብ ሊሆን ይችላል፣ እሱም ሰማያዊ ቀለም ተቀብቶ ይመጣል። የማንኮዜብ ከረጢት ሲዳሰስ ጓል ጓል ካለ እርጥበት ገብቶታል፣ መልሱት። ከፀረ ፈንገሱ ጋር ነፍሳት ገዳይ «ደርቡበት» የሚል ካጋጠማችሁ አበባ ላይ ጨርሶ አይሆንም። ንብ ከሌለ ፕሪም የለም። ፀረ ፈንገሱንም ቢሆን ንቦቹ ከገቡ በኋላ፣ አመሻሽ ላይ እርጩ።

ከሁሉ በፊት የሚገዛው ግን መቀስ ነው። ዛፉ ላይ ደርቆ የተንጠለጠለውን ፍሬ በሙሉ ልቀሙ፣ የሞተውን ቀንበጥ ጤነኛው እንጨት እስኪታይ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብላችሁ በደረቅ ቀን ቁረጡና አቃጥሉት። ከዛፉ ሥር ከተዋችሁት መድኃኒቱን በከንቱ ረጫችሁ።