ሐዋሳ ላይ አስጠኚ ለምትፈልጉ ወላጆች፤ ይህቺን መምህርት አመስግኑልኝ

ልጃችሁ እያነበበ ያነበበው ነገር የማይገባው የሐዋሳ ወላጆች፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። አንዲት መምህርት ማመስገን አለብኝ። ዝም ብል ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም።

ልጄ አምስተኛ ክፍል ነው። ንባቡን ያንበለብለዋል፣ አማርኛም ሆነ እንግሊዝኛ። «ስለ ምን ነበር ያነበብከው?» ሲሉት ግን መሬት መሬት ያያል።

አስጠኚ ያልሞከርኩበት የለም። አንዱ ጋ ዘዴው ምን እንደነበር ታውቃላችሁ? ጥያቄው ውስጥ ያለውን ቃል ፓሴጁ ላይ ፈልግ፣ ዓረፍተ ነገሩን እንዳለ ገልብጥ። አለቀ። ደብተሩ በራይት ተሞላ። ፈተና ላይ «ለምን» የሚል ጥያቄ ሲመጣ ግን ባዶውን ትቶት መጣ። ሌላ ቦታ ደግሞ «የዚህ ልጅ ጭንቅላት አይቀበልም» አሉኝ። ልጁ አጠገቤ ቆሞ እየሰማ! ባጃጅ ውስጥ ትንፍሽ ሳይል ቤት ደረስን። ማታ «እማ፣ እኔ ደደብ ነኝ እንዴ?» አለኝ። እስካሁን ያንገበግበኛል። ለዚህ ነው ገንዘብ የከፈልኩት።

ይህቺን መምህርት የጠቆመችኝ ጎረቤቴ ናት። የምታስጠናው አቶቴ አካባቢ ነው። መጀመሪያ ቀን አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አየሁ። ራሷ የጻፈችውን አጭር ታሪክ ሰጠችው፣ ስለ አንድ የአሞራ ገደል ዓሣ አጥማጅ። ሰውዬው ያጠመደውን ቆሮሶ ዓሣ ይዞ ከጀልባ ይወርዳል። ዳር ላይ የቆሙትን አባ ኮዳዎች፣ እነዚያን ትልልቅ አሞራዎች፣ ያያል። ጃኬቱን አውልቆ ዓሣውን ይሸፍናል።

«በምን ሸፈነው?» አለችው። «በጃኬቱ።» «ለምን ሸፈነው?» ይሄኛው ጽሁፉ ላይ የለም። ልጄ ዝም። እሷም ዝም። እኔ መልሱ ምላሴ ላይ ደርሷል። ቀስ ብላ «ይቆዩ እናቱ፣ እያሰበ ነው» አለችኝ።

እያሰበ ነው! ስለ ልጄ እንዲህ ያለኝ አስጠኚ አልነበረም።

ልጁ በጣቱ እየተከተለ እንደገና አነበበና «አሞራዎቹ እንዳይነጥቁት» አለ። ጎበዝ ብላ ብቻ አላለፈችውም። «ከየት አወቅክ? አሳየኝ» አለችው። አባ ኮዳዎቹ ያሉበትን መስመር ነካ። «አንተ ብትሆንስ ምን ታደርግ ነበር?» ስትለው ወሬው አላልቅ አለ። እንባዬ መጣ።

በኋላ አስረዳችኝ። መልሱ ጽሁፉ ላይ ያለ ጥያቄ አለ፣ ከጽሁፉ ተነስቶ የሚደረስበት አለ፣ ልጁ ከራሱ የሚያመጣው አለ። ሦስቱንም ታፈራርቃለች። ፓሴጁ እንግሊዝኛ ሲሆን መጀመሪያ በአማርኛ ታወያየዋለች። ዝምታዋም ዝም ብሎ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሜሪ ባድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት ያጠናችው ነው አለችኝ። አስተማሪ ጠይቆ የሚጠብቀው 1 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። 3 ሰከንድ ሲታገስ የተማሪዎቹ መልስ ይረዝማል፣ ዝም የሚሉትም ይቀንሳሉ። ሌላም ብዙ ነገረችኝ፣ እሱን እንኳ አልያዝኩትም።

እናቴ ትዝ አለችኝ። ፊደል አልቆጠረችም። የአጎቴን ደብዳቤ እኔ ሳነብላት «ታዲያ ቸግሮታል ማለት ነው? ምኑ ላይ ነው እንዲህ ያለው?» እያለች ታፋጥጠኝ ነበር። ዛሬ ማንኛውም ወረቀት ፊቴ ሲቀርብ የሚገባኝ በእሷ ነው። ይህቺ ልጅ ለልጄ ያንን አደረገችለት።

አሁን የሳይንስ መጽሐፉን ሲያነብ መሀል ላይ ያቆምና «እማ፣ ለምን ይመስልሻል?» ይለኛል። ደደብ ነኝ የሚለው ቃል ከአፉ ጠፍቷል። እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የልጅሽን ወግ ማዕረግ ያሳይሽ።

አደራ፣ ልጃችሁ ላይ ተስፋ ሳትቆርጡ አንዴ ውሰዱላት። ስልኳን እዚህ አልጽፍም። በውስጥ መስመር አውሩኝ፣ እሷን አስፈቅጄ እልክላችኋለሁ። ብዙ ልጅ ባንዴ ስለማትቀበል ቶሎ በሉ፣ መጀመሪያ ቀንም አጠገባቸው ቁጭ ብላችሁ እዩ፣ አትከለክልም።