ባልደረባን ማረም፦ በግምገማ ስብሰባ ወይስ ለሁለት ቁጭ ብሎ?

ባልደረባችሁ ሪፖርት ያዘገያል። ስብሰባ ላይ ታነሱበታላችሁ ወይስ ቡና ጋብዛችሁ ለብቻው ትነግሩታላችሁ?

ጊዜ፦ ግምገማ ግማሽ ቀን ይበላል፤ ክፍሉ በሙሉ ሥራ አቁሞ ይቀመጣል። ለሁለት ከሆነ በየሁለት ሳምንቱ ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ግን ይህቺ ሃያ ደቂቃ "ዛሬ ቢዚ ነኝ" በሚል በቀላሉ ትቀራለች።

ግልጽነት፦ ትልቁ ልዩነት እዚህ ነው። ግምገማ ከኢሕአዴግ የትጥቅ ትግል መጥቶ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ መንግሥት መሥሪያ ቤት የገባ ልማድ ነው። ሂስና ግለ ሂሱን የሚያውቅ ሰው፣ በሰው ፊት ስሙ ሲነሳ መጀመሪያ የሚያስበው ራሱን ስለ መከላከል ነው። ወይ ይቆጣል፣ ወይ "ተቀብያለሁ" ብሎ ይገላገላል። ለብቻው ሲሆን ግን "መረጃው እኮ ከእናንተ የሚደርሰኝ ሐሙስ ማታ ነው" ሊላችሁ ይችላል። ይህን ስብሰባ ላይ ቢናገር ሰበብ ይባልበታል።

ስጋት፦ በስብሰባ፣ ቂም። ለሁለት፣ ይሉኝታ። በተለይ በዕድሜ የሚበልጧችሁ ከሆኑ "ጋሼ፣ ጋሼ" እያላችሁ ዙሪያውን ስትዞሩ ቡናው ያልቃል። "የማክሰኞው ሪፖርት" ብሎ አንድ የተለየ ነገር ይዞ መግባት ይረዳል።

ማስረጃ፦ ግምገማ ቃለ ጉባኤ አለው። የሁለቱ ወሬ የለውም።

የቱ መቼ? የአንድ ሰው አሠራር ከሆነ ለሁለት። የገንዘብ ጉዳይ ወይም ክፍሉን ሁሉ የሚነካ ከሆነ በስብሰባ። ደጋግማችሁ ነግራችሁት ካልተለወጠም ወደ ስብሰባው መውሰድ ያስኬዳል፤ ግን አስቀድማችሁ አሳውቁት።