የኩባ ሳንዱች በቸርችል ጎዳና፦ ሥጋው ጥሩ፣ ዳቦው ይቀረዋል

ትግላችን ሐውልት አካባቢ ካለች አንዲት ትንሽ ካፌ የሚቀርበው «የኩባ ሳንዱች» ስሙ በከፊል ይገባዋል።

የኩባ ሳንዱች የአሳማ ሥጋ፣ ፎርማጆ፣ ኪያርና ሰናፍጭ በዳቦ መሀል ገብቶ በጋለ ብረት የሚጫን ምግብ ነው፤ ያደገውም በስደት ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 ኩባውያን በስፔን ላይ ሲነሡ ብዙ ሲጋራ ጠቅላዮች በአሜሪካ ፍሎሪዳ ወዳለችው ኪይ ዌስት ተሻገሩ፤ ከ1886 ጀምሮ ደግሞ የቪሴንቴ ማርቲኔዝ ኢቦር የሲጋራ ፋብሪካ እዚያው ፍሎሪዳ ወዳለችው ታምፓ ሳባቸው። እዚያ ከጣሊያን ስደተኞች ጋር ጎረቤት ስለሆኑ የታምፓው ሳንዱች ሳላሚ አለው፤ የማያሚው የለውም። እውነተኛው የቱ ነው የሚለው ክርክር ዛሬም አልበረደም።

እዚህ አሳማው በበሬ ሥጋ ተተክቷል፤ ልክ ነው፣ አለዚያ ማን ይበላዋል? ነጭ ሽንኩርቱ፣ ከሙኑና ሎሚው ሥጋው ውስጥ ዘልቀዋል። በአቼቶ የተዘፈዘፈው ኪያርና ሰናፍጩም በልክ ነው።

ችግሩ ዳቦው ነው። የኩባ ዳቦ ሊጡ ውስጥ የአሳማ ስብ ስለሚገባ ቅርፊቱ ስስ፣ ውስጡ ለስላሳ ይሆናል፤ የካፌዋ ፉርኖ ግን ወፍራም ቅርፊት አለው፣ ሲጫኑት ይሰነጠቃል። መጥበሻውም ሸንተረር ያለው ስለሆነ መስመሩ ሲያርር መሀሉ ሳይሞቅ ይቀራል፣ ፎርማጆውም አይቀልጥም። ውጪው የገበታ ቅቤ ተቀብቶ፣ ለጥ ባለ ብረት ላይ በመካከለኛ ሙቀት በየጎኑ 3 ወይም 4 ደቂቃ ቢጫን ይስተካከላል።

ስታዙ ፎርማጆው ከላይም ከታችም ዳቦውን ይንካ በሉ፤ የኪያሩን ውሃ ያግዳል። ይዛችሁ ከሄዳችሁ በወረቀት ይጠቅልሉላችሁ፣ በፌስታል በእንፋሎቱ ይርሳል። ረቡዕና ዓርብ አይሠራም።