ሸዋበር ያለችው ማመልከቻ መጻፊያ ቤት፦ መሬታችሁ ለልማት ይነሳል ከተባለ መጀመሪያ እዚህ ሂዱ

ደሴ ውስጥ ማመልከቻ የሚጽፍ ቤት መቼም ሞልቷል፣ እኔ ግን ሸዋበር ያለችውን ጠባቧን ቤት ለይቼ ልመስክርላት ነው ምክንያቱም አባቴን ከትልቅ ጉዳት ነው ያወጣችው።

አባቴ ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ ሁለት ጥማድ መሬት አለው፣ ማሽላና ጤፍ እያፈራረቀ ይዘራበታል፣ ዳር ዳሩን ባህር ዛፍ ነው። መንገድ ሊያልፍበት ነው ተባለና የካሳ ግምቱ በደብዳቤ ደረሰው። ብሩን ሲሰማ ዝም አለ፣ "የመንግስት መሬት ነው ምን ይባላል" ብሎ አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። እሱ እኮ አባቱ ጭሰኛ ሆነው ሲያርሱ ያየ ሰው ነው፣ የካቲት 1967 የመሬት አዋጁ ሲታወጅ ሰዉ እንዴት እንደጨፈረ እስከዛሬ ያወራል፣ ስለዚህ የሰጠው መንግስት መልሶ ቢወስድ መከራከር ነውር ይመስለዋል።

በስንት ልመና ደሴ ይዤው መጣሁ። የቤቱ ባለቤት እትዬ (ድሮ ፍርድ ቤት ሰርተዋል) ኮምፒውተሩን ሳይነኩ ደብዳቤውን ሁለቴ አነበቡት፣ የደረሰበትን ቀን በቀይ እስክርቢቶ አከበቡና በጣታቸው ቆጠሩ። "19 ቀን አልፏል አባባ፣ የቀረዎት 11 ነው፣ አብሽሩ ይደርሳል" አሉት። ለካ በመሬት ማስለቀቂያና ካሳ አዋጁ (1161/2011) ቅሬታ የሚቀርበው ትዕዛዙ በደረሰ በ30 ቀን ውስጥ ነው፣ እኛ ቤት ይሄን የሚያውቅ አልነበረም!

ከዛ ጠርዙ ያለቀ ህገመንግስት ከመሳቢያ አውጥተው አንቀጽ 40ን ጮክ ብለው አነበቡለት። መሬት የመንግስትና የህዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል፣ አባቴ እዚህ ጋ ራሱን ነቀነቀ። ወረድ ሲል ግን በጉልበቱና በገንዘቡ ያለማው የራሱ ነው፣ መንግስት ለህዝብ ጥቅም ሲወስድ ደሞ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ ከፍሎ ነው። "በቅድሚያ" የምትለዋን ሶስቴ ደገሙለት። ይህቺ ቃል ከ1987 ጀምሮ እዛው ተጽፋ አለች፣ ለገበሬው ግን ማን ነገረው? የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፣ መንገዱን ማንም አልጠላም፣ መንግስትም ለህዝብ ጥቅም የመውሰድ ስልጣን አለው፣ ግን የስልጣኑን ልክ ባለይዞታው ሳያውቅ ቀኑ ያልፍበታል።

የግምቱን ስህተት ያገኙትም እሳቸው ናቸው። ተመጣጣኝ ምትክ መሬት ካልተሰጠ የመፈናቀያው ካሳ ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛው የዓመት ገቢ በ15 ተባዝቶ ነው፣ በድሮው አዋጅ 455/1997 የ5 ዓመት አማካይ በ10 ነበር። የኛ የተሰላው ዝናብ በጠፋበት ዓመት ምርት ነው! "ጤፉ ያማረልዎ መቼ ነው?" ሲሉት አባቴ የየዓመቱን ኩንታል በቃሉ ዘረገፈው። ባህር ዛፉማ ጭራሽ አልተቆጠረም። ሁለት ገጽ ጽፈው ከመሬት ደብተሩ ኮፒ ጋር አያያዙልን።

አልሃምዱሊላህ ቅሬታው ተቀባይነት አግኝቶ እንደገና ይገመት ተብሏል፣ ዛፉም ተቆጥሯል፣ ብሩን ገና እየጠበቅን ነው።

የከፈልነው 400 ብር ነው፣ አይበዛም። ያልተመቸኝ ኮፒ ማሽኑ ያደበዝዛል፣ የደብተሩን ኮፒ ሌላ ቦታ አስደግመናል፣ ወንበሩም ሁለት ብቻ ስለሆነ ሽማግሌዎች ቆመው ነው የሚጠብቁት፣ ይሄ መስተካከል አለበት። ሰኞ ገበያ ስለሆነ ወረፋው አይቻልም፣ ማክሰኞ ጠዋት ሂዱ፣ ደብዳቤውን፣ የመሬት ደብተሩንና መታወቂያ እንዳትረሱ።