ጋላፓጎስ በጅማ ሰው ዓይን

ወንድሜ ትኬቱን ባይቆርጥልኝ የጅማውን የቦዬ ረግረግ ጉማሬ አይቼ የምኖር ሰው ነበርኩ። ከኢኳዶር ጠረፍ 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀን ከጋላፓጎስ ደሴቶች አንዷ ወደሆነችው ፈርናንዲና በትንሽ ጀልባ ወረድን። ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ኢጉዋና የሚባሉት ትልልቅ የባሕር እንሽላሊቶች ተነባብረው ፀሐይ ይሞቃሉ፤ አንዱ ጨዉን በአፍንጫው እፍ ሲለው እግሬ አጠገብ አረፈ። “ሁለት ሜትር ራቁ” የሚለው ሕግ ለእኛ እንጂ ለእነሱ አይሠራም! የባሕር አንበሳዋ መንገዱን ዘግታ ተኝታ፣ አስጎብኚው “እስክትነሳ እንጠብቃለን” አለን። ጠበቅን። መብረር የማይችለው ኮርሞራንት የሚባል የባሕር ወፍ ደግሞ ድንክ ክንፉን እንደ ስጥ አስጥቶ ያደርቃል፤ አሳዘነኝ።

የፓርኩ መግቢያ 200 ዶላር ነው፣ አልቆጨኝም። የመርከቡ ቡና ግን እጣቢ! ሦስተኛው ቀን ላይ ሻይ ጠጪ ሆንኩ፤ እናቴ እንዳትሰማ።